አሥራ ሁለት ቀን ለኦማሃ፦ የፒቸሮችን ክንድ ስንቆጥር

ዓርብ፣ ሰኔ 9 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ ጁን 16፣ 2023

ከኦሮራ፣ ኮሎራዶ የወጣነው ሊነጋ ሲል፣ ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ነው። እኔና የ16 ዓመት ልጄ። ባለቤቴ ሥራ ስላለባት አልመጣችም። ግን ቆሎ ቆልታ፣ ዳቦ ጋግራ ሁለት ፌስታል ሙሉ አስይዛናለች። የሰኔ ጾም ላይ ነን። ስታዲየም ውስጥ ከድንች ጥብስና ከኦቾሎኒ ሌላ የምንበላው እንደማናገኝ አውቃለች።

መንገዱ ለኔ አዲስ አይደለም። ሥራዬ ትራክ መንዳት ነው። በኢንተርስቴት 76 ወደ ሰሜን ምሥራቅ ወጥተን፣ ጁልስበርግ አጠገብ ኢንተርስቴት 80 ላይ ገባን። ከዚያ በኋላ ኔብራስካ ነው። ቀጥ ያለ መንገድ፣ ገና ከጉልበት በታች የሆነ በቆሎ፣ እየራቀ እየቀረበ አብሮን የሚሄደው የፕላት ወንዝ። ጠቅላላው 540 ማይል ያህል ነው። ስንት ጊዜ በሌሊት ጭነት ይዤ አልፌበታለሁ። በቀን፣ በትንሽ መኪና፣ ልጄን አጠገቤ አስቀምጬ ስሄድ ግን የማላውቀው አገር መሰለኝ።

የምንሄደው የአሜሪካ ኮሌጆች የቤዝቦል ፍጻሜ ውድድርን ለማየት ነው። ከ1950 ጀምሮ ኦማሃ ላይ ነው የሚካሄደው (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው)። ከ64 ቡድኖች ስምንቱ ብቻ እዚህ ይደርሳሉ። ስምንቱ በሁለት ምድብ ይከፈላሉ። ሁለት ጊዜ የተሸነፈ ይሰናበታል። የሁለቱ ምድብ አሸናፊዎች ደግሞ ከሦስት ጨዋታ ሁለቱን ለማሸነፍ ይገናኛሉ።

ለምን ይሄን ያህል መንገድ እንደመጣሁ ልናገር። ልጄ ፒቸር ነው፤ ኳሱን የሚወረውረው እሱ ነው። በሚያዝያ አንድ የቅዳሜና እሁድ ውድድር ነበር። ቅዳሜ ወረወረ፣ አሸነፉ። እሁድ ቡድኑ የሚወረውር ሰው አለቀበት። አሰልጣኙ "ትችላለህ?" አለው። ልጅ "አልችልም" አይልም። እኔም ከመቀመጫዬ ተነስቼ እያጨበጨብኩ ነበር። ሰኞ ጠዋት ጥርሱን ለመቦረሽ ክንዱን ማንሳት አቃተው። ሐኪሙ ምንም የተቀደደ ነገር የለም አለ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ግን ሁለት ወር ኳስ እንዳይነካ ከለከለው። ከዚያ በኋላም በቀን ሃያ፣ ያውም ለስላሳ ውርወራ ብቻ።

የኔ ሥራ ዕረፍቱ በሕግ የተጻፈ ነው። 11 ሰዓት ከነዳሁ በኋላ 10 ሰዓት ማረፍ ግዴታዬ ነው። ማሽኑ ራሱ ይመዘግባል፤ ብዋሽም አይሰማኝም። ለልጄ ክንድ ግን ያን ቀን እንዲህ የሚቆጥርለት አልነበረም። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሊግ የውርወራ ገደብ አለው። የሳምንት መጨረሻ ውድድሮች እንደየአዘጋጁ ናቸው። ኮሌጅ ላይ ሲደረስ ገደብ የሚባል ነገር የለም፤ ሁሉም በአሰልጣኙ ህሊና ነው።

ልጄ ደብተር ይዟል። በእጁ መስመር አስምሮበታል፦ ስም፣ ቀን፣ ስንት ኳስ ወረወረ፣ ስንት ቀን አረፈ። "አባዬ፣ ማን እንደሚያሸንፍ ከዚህ ነው የሚታወቀው" አለኝ። ኦጋላላ ላይ ቁርስ በላን። ትንሽ እንደሄድን ሰዓታችን በአንድ ሰዓት ወደፊት ዘለለ። ኪርኒ ላይ በመንገዱ አናት በተሠራው ትልቅ ቅስት ሥር አለፍን። ጋሼ ቤት ስንደርስ ገና ቀን ነው፤ እኔ ግን ደክሞኛል።

ጋሼ የአባቴ አገር ሰው ናቸው። እዚሁ ኦማሃ ከ20 ዓመት በላይ የሥጋ ፋብሪካ ውስጥ ሠርተው ጡረታ ወጥተዋል። ሽሮ ቀርቦ ጠበቀን። ከምግብ በኋላ ቴሌቪዥኑን ከፈቱት፤ ፍሎሪዳ ቨርጂኒያን 6 ለ 5 አሸነፈ።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 10

ስታዲየሙ መሀል ከተማ አጠገብ ነው። በ2011 ነው የተከፈተው። 24 ሺህ ያህል ሰው ይይዛል። ከበሩ ውጭ ተጫዋቾች ተቃቅፈው ሲደሰቱ የሚያሳይ የነሐስ ሐውልት አለ። ሰው ሁሉ እዚያ ፎቶ ይነሳል። እኛም ተነሳን።

ማታ ጨዋታው የሉዊዚያናው ኤል ኤስ ዩ (ሉዊዚያና ስቴት ዩኒቨርሲቲ) ከቴነሲ ጋር ነበር። የኤል ኤስ ዩ ፒቸር ፖል ስኪንስ ነው። ልጄ ስሙን ሲጠራ ዓይኑ ያበራል። ስኪንስ ከዚህ በፊት የተማረው ከኛ ቤት ብዙም በማይርቀው ኮሎራዶ ስፕሪንግስ፣ አየር ኃይል አካዳሚ ነበር። ካቸርም (የፒቸሩን ውርወራ የሚይዘው)፣ ፒቸርም ሆኖ ተጫውቷል። ከዚያ ወደ ኤል ኤስ ዩ ተዛወረ።

ኳሱን በዓይኔ አየሁት ማለት ይከብደኛል። ድምፁን ነው የሰማሁት፤ ካቸሩ ጓንት ውስጥ ሲገባ እንደ ጅራፍ ይጮሃል። ሰሌዳው ላይ 100 ማይል፣ 101 ማይል እያለ ይወጣል። ኢኒንግ የጨዋታው ዙር ነው፤ መደበኛው ዘጠኝ ነው፣ እኩል ከሆኑ ይጨመራል። ስኪንስ ሰባት ኢኒንግ ጨርሶ ስምንተኛው ላይ ሁለት ሰው ካስወጣ በኋላ ተቀየረ። 12 ሰው በስትራይክ አውት፣ ማለትም ኳሱን መምታት አቅቷቸው፣ መለሰ። 6 ለ 3 አሸነፉ።

ቤዝቦል ለማያውቅ አንባቢ አንድ ነገር ልበል። በእግር ኳስ አንድ ተጫዋች በሦስት ቀን ሁለቴ ቢሰለፍ ይደክማል እንጂ ይጫወታል። ፒቸር ግን መቶ ጊዜ በሙሉ ኃይሉ ከወረወረ በኋላ ክንዱ ያብጣል፣ ይደነዝዛል። አራት አምስት ቀን ካላረፈ ያው ሰው አይደለም። ደግሞም አንዴ ከተቀየረ በዚያ ጨዋታ ወደ ውርወራው አይመለስም። ስለዚህ ቡድን በየቀኑ ሲጫወት በየቀኑ ሌላ ክንድ ይፈልጋል።

አጠገባችን ከሉዊዚያና የመጡ ሽማግሌ ነበሩ፤ ጡረታ የወጡ አሰልጣኝ። ልጄ ደብተሩ ላይ ሲጽፍ አይተው ሳቁ። በመደበኛው የውድድር ዘመን ኮሌጆች ዓርብ፣ ቅዳሜና እሁድ ነው የሚጫወቱት። ምርጡ ፒቸር ዓርብ ይወረውራል። በሳምንቱ መሀል፣ ማክሰኞ አካባቢ ለሚደረገው ጨዋታ ደግሞ ስሙ የማይጠራው ልጅ ይሰለፋል። ሽማግሌው ይህን አስረዱንና "የዓርቡን ሁሉም ቡድን አለው። እዚህ ግን የማክሰኞውን ነው የምንፈልገው" አሉን። ልጄ ይህንንም ጻፈው።

እሁድ፣ ሰኔ 11

ቤት ዋልን። ፍሎሪዳ ኦራል ሮበርትስን 5 ለ 4 አሸነፈ። ልጄ ቀኑን ሙሉ ደብተሩ ላይ ነው።

ሰኞ፣ ሰኔ 12

ሰኔ ሚካኤል ነው። የጋሼ ባለቤት እትዬ ዳቦ ደፍተው፣ ቡና አፍልተው ጎረቤት ጠርተው ነበር። ጠበል ጻዲቁን ቀምሰን ነው ወደ ስታዲየም የሄድነው።

ዌክ ፎረስት የዓመቱ አንደኛ ቡድን ሆኖ ነው የመጣው። ከሰሜን ካሮላይና ነው። በአገሪቱ ካሉ ኮሌጆች ሁሉ ጥቂት ነጥብ የሚገባባቸው የነሱ ፒቸሮች ናቸው። ዩኒቨርሲቲው ውርወራን በካሜራና በሴንሰር የሚያጠና ቤተ ሙከራ አለው። የልጆቹ ክርን በየትኛው ማዕዘን እንደሚታጠፍ ሳይቀር ይለካሉ። ይህን ስሰማ ቀናሁ። የልጄን ክርን ማንም ለክቶት አያውቅም።

ዌክ 3 ለ 2 አሸነፈ። ኤል ኤስ ዩ አሁን ወደ ተሸናፊዎች መንገድ ወረደ። ከዚህ በኋላ አንድ ሽንፈት ሻንጣ ያስይዛል። ለፍጻሜ ለመድረስ ነገ፣ ከነገ ወዲያ እና በማግስቱ ማሸነፍ አለበት። በተከታታይ አራት ቀን አራት ጨዋታ ማለት ነው።

ሌሊት ልጄ ደብተሩን ገለጠልኝ። "ስኪንስ ቅዳሜ ነው የወረወረው። ታይ ፍሎይድ ዛሬ ወረወረ። ነገ ማን አላቸው?" አለኝ። ሁለታችንም መልስ አልነበረንም።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 13

የማክሰኞው ልጅ መጣ።

ኔት አከንሃውሰን ይባላል። ግራኝ ነው። ኤል ኤስ ዩ ከመምጣቱ በፊት ኦክላሆማ ውስጥ በአንድ የሁለት ዓመት ኮሌጅ ነበር። ዓመቱን ሙሉ ተቀያሪ ሆኖ ነው የቆየው፤ አንድም ጨዋታ አልጀመረም። ስሙ በድምፅ ማጉያ ሲጠራ ከኋላችን የነበሩ የኤል ኤስ ዩ ደጋፊዎች ሳይቀሩ ተያዩ። የተሸነፈ የሚሰናበትበት ጨዋታ ላይ፣ ከቴነሲ ጋር፣ ጀምሮ የማያውቅ ልጅ።

ስድስት ኢኒንግ ወረወረ። አንድም ነጥብ አልገባበትም። 5 ለ 0።

ይህ ምሽት ከጉዞው ሁሉ በላይ ልቤን ነካው። ስለ ስኪንስ ጋዜጣው ሁሉ ይጽፋል፤ ይገባዋልም። ግን ኤል ኤስ ዩን ያን ቀን ኦማሃ ላይ ያቆየው እሱ አይደለም። ከየካቲት ጀምሮ ተጠባባቂዎች በሚያሟሙቁበት አጥር ሥር ተቀምጦ ተራውን የጠበቀ ልጅ ነው። አሰልጣኙ ጄይ ጆንሰን ለዚህ ልጅ ወራቱን ሁሉ ቦታ ሰጥቶ ባያቆየው ኖሮ፣ ማክሰኞ ማታ የደከመ ክንድ ይዞ ይወጣ ነበር።

ሽማግሌው ዛሬም አጠገባችን ነበሩ። በ2009 ቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ከቦስተን ኮሌጅ ጋር ኦስቲን ላይ ያደረገውን ጨዋታ ነገሩን። 25 ኢኒንግ ነው የፈጀው። ከሁለት ጨዋታ ተኩል በላይ ማለት ነው። ኦስቲን ዉድ የሚባል የቴክሳስ ተቀያሪ ገብቶ 13 ኢኒንግ ወረወረ፤ 169 ኳስ። ቴክሳስ 3 ለ 2 አሸነፈ። ሰዎች ይህን እንደ ጀብድ ያወሩታል። ልጄ እየሰማ ቀኝ ክርኑን በግራ እጁ ይዞት ነበር። ማድረጉን የሚያውቅ አይመስለኝም።

ረቡዕ፣ ሰኔ 14

ከሰዓት ፍሎሪዳ የቴክሳሱን ኮሌጅ ቲ ሲ ዩን 3 ለ 2 አሸንፎ ለፍጻሜ አለፈ። ሦስት ጨዋታ፣ ሦስቱም በአንድ ነጥብ ልዩነት። አሁን እስከ ቅዳሜ ያርፋል።

ማታ ኤል ኤስ ዩ ዌክን 5 ለ 2 አሸነፈ። ኬድ ቤሎሶ ሦስት ነጥብ ያመጣ ሆምራን (ከአጥሩ ውጭ የወጣ ምት) መታ። ልጄ ግን ዓይኑን ከውርወራው አላነሳም። ጀቨን ኮልማን ጀመረ። ቀጥሎ ግሪፊን ሄሪንግ የሚባል የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ገባና ጨዋታውን ይዞ ቆየ። በደብተሩ ላይ ሁለቱም አዲስ ስሞች ናቸው።

ወደ ቤት ስንመለስ መኪና ውስጥ ስለ ገንዘቡ አወራን። ቤዝቦል በዚህ አገር ኮሌጆች እንደ አሜሪካ ፉትቦል አይደለም። በ2023 አንድ ቡድን የሚሰጠው ሙሉ የትምህርት ድጋፍ 11.7 ብቻ ነበር። ያን ለብዙ ተጫዋቾች ይቆራርሱት ነበር። ስለዚህ አምስተኛውና ስድስተኛው ፒቸር ብዙ ጊዜ ቤተሰቡ ከኪሱ እየከፈለለት የሚማር ልጅ ነበር። ብዙ ብቁ ፒቸር ማከማቸት በነጻ አይመጣም። ኤል ኤስ ዩ ከሌሎች ኮሌጆች የተዛወሩ ልጆችን አሰባስቦ ነው የሞላው። የዌክ መንገድ ሌላ ነው፤ ብዙዎቹን ራሱ አሳድጓቸዋል። የዌክ መንገድ ይበልጥ ደስ ይለኛል። ማሸነፍን በተመለከተ ግን ሁለቱም መንገዶች እዚህ አድርሰዋል።

ሐሙስ፣ ሰኔ 15

ያየሁት ምርጥ ጨዋታ ይህ ነው።

ስኪንስ ከአራት ቀን ዕረፍት በኋላ ተመልሷል። ዌክ ደግሞ ሬት ላውደርን አወጣ። ሁለቱም በሐምሌ ፕሮፌሽናል ቡድኖች ገና በመጀመሪያው ዙር እንደሚወስዷቸው ሁሉም ያወራል። ነገሩም እንዲያው ሆነ፤ ስኪንስን ፒትስበርግ አንደኛ፣ ላውደርን ሲንሲናቲ ሰባተኛ አድርገው መርጠዋቸዋል።

ኢኒንጉ እያለቀ ሰሌዳው ዜሮ ለዜሮ ነው። ሰው ድንች መግዛት ትቶ ቆሟል። ላውደር ሰባት ኢኒንግ ሄዶ በ88 ኳስ ወጣ። ልጄ ግራ ገባው፤ "ገና አልደከመም!" አለ። እኔ ግን አሰልጣኙን ወደድኩት። ልጁ ነገ ሌላ ሕይወት አለው።

ስምንተኛው ላይ ዌክ ሦስተኛው ቤዝ ላይ፣ ለነጥብ አንድ ማረፊያ ብቻ የቀረው፣ ሰው ነበረው። መቺው ኳሷን ቀስ አድርጎ ነካት፤ ሯጩ ነጥብ ለማስገባት ወደ መነሻው ቤዝ ሮጠ። የኤል ኤስ ዩ አንደኛ ቤዝ ጠባቂ ትሬ ሞርጋን ወደፊት ተወርውሮ ኳሷን አንስቶ፣ ሚዛኑን ሳይጠብቅ ለካቸሩ ሰጠ። ሯጩ ነጥብ ሳያስገባ ወጣ። ስታዲየሙ ተናወጠ። ስኪንስ እጁን ወደ ሰማይ አንስቶ ሲጮህ አየሁት።

ስኪንስ ስምንት ኢኒንግ ጨርሶ ወጣ። 120 ኳስ። ሁለት ጊዜ ብቻ ተመታ። በዚህች ምሽት ኤል ኤስ ዩ በሚጫወትበት ሊግ፣ በሳውዝኢስተርን ኮንፈረንስ፣ ከ1989 ጀምሮ በቤን ማክዶናልድ ስም የነበረውን የአንድ ዓመት የስትራይክ አውት ሪከርድም አለፈ። ዓመቱን በ209 ጨረሰ። ልጄ ደብተሩን ደመረ፤ በስድስት ቀን ውስጥ ከ240 በላይ ኳስ። ቁጥሩን ሁለቴ ከሥሩ አሰመረበት። ምንም አላለኝም።

ያኔ የገባው ታቸር ኸርድ ነው። ካሊፎርኒያ፣ ዩ ሲ ኤል ኤ ተምሮ ወደ ኤል ኤስ ዩ የመጣ ልጅ። ዘጠነኛውን፣ አሥረኛውን፣ አሥራ አንደኛውን ወረወረ። አንድም ነጥብ አልሰጠም። በሌላኛው ወገን የዌክ ተቀያሪ ማይክል ማሲ ኢኒንግ ከኢኒንግ ይዞ ነበር። አሥራ አንደኛው ላይ ዲላን ክሩስ መታበትና አንደኛው ቤዝ ላይ ቆመ። ዌክ ፒቸር ቀየረ። ካምደን ሚናቺ ገባ።

የመጀመሪያዋን ኳስ ወረወረ። ቶሚ ዋይት መታት። ኳሷ በግራ በኩል ከፍ ብላ ስትሄድ የማንም ድምፅ አልተሰማም፤ ቢያንስ እኔ አልሰማሁም። ሆምራን ነበር፤ ክሩስም ዋይትም ነጥብ አስገቡና 2 ለ 0 አለቀ።

ሰው ሁሉ እየዘለለ ነው። እኔ ዓይኔን ከሚናቺ ላይ ማንሳት አልቻልኩም። ሜዳው መሀል ቆሟል። በሰባ ጨዋታ ገደማ የተገነባ ዓመት በአንድ ኳስ አለቀበት። ጥፋቱ የሱ ብቻ አይደለም። ዌክ እስከዚያች ሰዓት ድረስ የሚያስፈልገውን ሁሉ አድርጓል። አንድ ምሽት ላይ ሁለት ቡድኖች ያላቸውን ሁሉ ሲያወጡ አንዱ ቀድሞ ያልቅበታል። ልጄ "አባዬ፣ ማንም አላጠፋም" አለኝ። ልክ ነው።

ዓርብ፣ ሰኔ 16

ጨዋታ የለም። የሚዙሪ ወንዝን በሚያቋርጠው የእግረኞች ድልድይ ላይ ሄድን። መሀሉ ላይ ኔብራስካና አዮዋ የሚለያዩበት መስመር አለ። አንድ እግራችንን እዚህ፣ አንዱን እዚያ አድርገን ቆምን።

ልጄን ስለዚያ እሁድ ጠየቅሁት። ክንዱ ቅዳሜ ማታ ጀምሮ ያመው እንደነበር ነገረኝ። "ለምን አልነገርከኝም?" አልኩት። "ደስ ብሎህ ነበር" አለኝ። ድልድዩ ላይ ብዙ ቆየን።

ማታ ጋሼ ኤል ኤስ ዩ ነገ ከምን ያመጣል ብለው ጠየቁ። እውነት ለመናገር እኔም ያንኑ አስብ ነበር። ፍሎሪዳ በስድስት ቀን ሦስት ጨዋታ ብቻ ነው ያደረገው። ኤል ኤስ ዩ አምስት፤ አራቱ በተከታታይ። ልጄ ግን ደብተሩን አመጣላቸው። "ጋሼ፣ ይዩት። ፍሎይድ አራት ቀን አርፏል። ኸርድ ሐሙስ ሦስት ኢኒንግ ብቻ ነው የወረወረው። ሰኞ ይችላል" አላቸው። ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው መስመሩን በጣታቸው ተከተሉ። "እኛ አገር እኮ በሬ ከረፋድ በኋላ ይፈታ ነበር" አሉ። "እሸቱ ቢቀር ይቀራል፤ በሬው ከሞተ ግን የከርሞውም ቀረ።"

ቅዳሜ፣ ሰኔ 17

የፍጻሜው አንደኛ ጨዋታ። ታይ ፍሎይድ ስምንት ኢኒንግ ወርውሮ 17 ሰው በስትራይክ መለሰ። አሥራ ሰባት! ስኪንስ እንኳ በዚህ ውድድር ይህን ያህል በአንድ ምሽት አላደረገም። ሰውየው የቡድኑ ሁለተኛ ፒቸር ነው።

ከሱ በኋላ ራይሊ ኩፐር ገብቶ ያዘ። ሦስት ለሦስት ሆነው እንደገና አሥራ አንደኛ ኢኒንግ ደረሱ። ያው ቤሎሶ በብራንደን ኒሊ ላይ ሆምራን መታ። 4 ለ 3።

እሁድ፣ ሰኔ 18

24 ለ 4። በዚህ ውድድር ታሪክ በአንድ ጨዋታ አንድ ቡድን ካስቆጠረው ሁሉ ይበልጣል አሉ። ፍሎሪዳ እንደ ዝናብ ነው ያወረደው። ሐምራዊና ቢጫ የለበሰው የኤል ኤስ ዩ ደጋፊ ሕዝብ ገና ሳያልቅ መውጣት ጀመረ።

እኔ ግን ይህን ጨዋታ በሌላ ዓይን ነው ያየሁት። ከሦስት ሁለት ማሸነፍ ነው የሚፈለገው። 24 ለ 4 መሸነፍም፣ 3 ለ 2 መሸነፍም አንድ ሽንፈት ነው። ነገሩ ከእጅ እንደወጣ ሲታይ አሰልጣኙ ኸርድን አልነካውም። ስኪንስንም አልነካውም። በሕዝብ ፊት እየተመቱ ዝም ማለት ቀላል አይደለም። ሽማግሌው ፊታቸው ጠቁሮ ነበር፤ ቢሆንም "ነገ አለ" አሉን።

ሰኞ፣ ሰኔ 19

ልጄ እንዳለው ኸርድ ጀመረ። ሦስት ቀን አርፎ። በፍሎሪዳ በኩል ጃክ ካግሊያኖን ነው። ካግሊያኖን ግዙፍ ልጅ ነው፤ ይወረውራልም፣ ሆምራንም ይመታል።

ገና በመጀመሪያው ኢኒንግ ዋያት ላንግፈርድ በኸርድ ላይ ሆምራን መታ። 2 ለ 0። ከትናንቱ ጋር ሲደመር ሰው ደነገጠ። ልጄ እጄን ያዘኝ። ከልጅነቱ በኋላ እንዲህ ይዞኝ አያውቅም።

ኸርድ ግን አልተናወጠም። ሁለተኛው ላይ ኤል ኤስ ዩ ስድስት ነጥብ አስገባ። ካግሊያኖን ያን ኢኒንግ ሳይጨርስ ወጣ። ከዚያ በኋላ ፍሎሪዳ ቶሎ ቶሎ ፒቸር ቀየረ፤ ኤል ኤስ ዩ ሁሉንም መታ። ኸርድ ስድስት ኢኒንግ ሄደ። መጨረሻው 18 ለ 4። ሰባተኛ ዋንጫቸው ነው፤ ከ2009 በኋላ የመጀመሪያው።

ጨዋታው ሲጀመር ሁሉም የሚጠይቀው አንድ ነገር ነበር፤ ስኪንስ ይገባል ወይ? ሐሙስ 120 ወርውሯል። የዋንጫ ጨዋታ ነው። ዓመቱ ከዚህ በኋላ የለም። ቢገባ ማን ይወቅሳል? አልገባም። መግባት አላስፈለገውም፤ ምክንያቱም ሌሎቹ ነበሩ። የውድድሩ ምርጥ ተጫዋች ተብሎ የተጠራው እሱ ነው። በመጨረሻው ሦስት ጨዋታ ግን አንድ ኳስ ሳይወረውር ነው ዋንጫውን ያነሳው።

እኔ የልጄን አሰልጣኝ ክፉ ሰው ነው አልልም። ያን እሁድ ሌላ ልጅ አልነበረውም። ግን ለምን አልነበረውም? ቅዳሜ ያልተጫወቱ ሦስት ልጆች ወንበር ላይ ነበሩ። ዓመቱን ሁሉ ኳስ ሳይሰጣቸው ስለቆየ፣ በተፈለጉ ቀን የሚታመኑ አልሆኑም። ቤት ስመለስ ይህን ፊት ለፊት እነግረዋለሁ። በቁጣ አይደለም።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 20

ጋሼና እትዬን ተሰናብተን ጠዋት ወጣን። እትዬ በሶ አስይዘውናል። ሽማግሌውን ትናንት አቅፈን ነው የተለየናቸው፤ ከልጄ ደብተር ላይ የማክሰኞውን ገጽ በስልካቸው ፎቶ አንስተው ሄዱ።

ኦጋላላ አጠገብ ካለ ማረፊያ ቆምን። ነፋሱ ኃይለኛ ነው። ልጄ ከመኪናው ጀርባ ሁለት ጓንት አወጣ። የሐኪሙ ቀን ዛሬ ነው። ሣሩ ላይ ሃያ እርምጃ ያህል ራቀ። ቀስ አድርጎ ወረወረ። እኔ ያዝኩና መለስኩለት። ጮክ ብሎ ይቆጥራል። አሥር ላይ ክርኑን አጠፍ ዘርጋ አደረገ። "ያምሃል?" አልኩት። "አያመኝም። ቢያመኝ እነግርሃለሁ" አለ።

ሃያ ላይ ሲደርስ ኳሷ ጓንቴ ውስጥ ነበረች። ጓንቱን አውልቆ ወደ መኪናው ሄደ። ደብተሩን አውጥቶ በመጨረሻው ገጽ የራሱን ስም ጻፈ፤ ቀኑን፣ 20፣ ከዚያ የዕረፍቱን ቦታ ባዶ ተወው።